ዮራም ድንጋዩን የተሻገረ ዕለት

ባለፈው ወር የልጄ ባል ኒር አንድ ትልቅ ካርቶን በትከሻው ተሸክሞ አሽቀሎን፣ አቲቆት ሰፈር ያለው ቤታችን መጣ። እዚህ እስራኤል የተወለደ ልጅ ነው፤ አማርኛው ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሰው አክባሪ ስለሆነ ግን እወደዋለሁ። ካርቶኑን ሲከፍተው ሦስት ነጭ ክንፍ፣ አንድ ጭራና እንደ ዱባ የተድቦለቦለ ሞተር ወጣ። በነፋስ እየዞረ መብራት የሚያመነጭ ነገር ነው፤ በኢንተርኔት ያዘዘው። «አባ፣ ኻሽማል በነፃ!» ይለኛል፤ መብራት ያለ ክፍያ ማለቱ ነው። ጣሪያው ላይ ወጣን፤ እኔ መሰላሉን ያዝኩ፣ እሱ አሰረ። ከሰዓት በኋላ የባሕሩ ነፋስ ሲነሣ ክንፎቹ መጀመሪያ አመነቱ፤ ከዚያ ሽው ሽው እያሉ መዞር ጀመሩ። ኒር አጨበጨበ። እኔ ድምፁን ስሰማ ጥርሴን ነከስኩ።

«ማ ካራ፣ አባ?» አለኝ፤ ምን ሆንክ ማለቱ ነው። ምንም አልሆንኩም አልኩት። ምን ልበለው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ተወግቼም ወግቼም ስለነበር ሁለቱንም አልረሳሁም።

እስራኤል በገባን በመጀመሪያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ማለቴ ነው፣ ያስቀመጡን ከአሽቀሎን ወጣ ብሎ አሸዋ ላይ በተደረደሩ ካራቫኖች ውስጥ ነበር። ካራቫን ማለት ጎማ የሌለው አውቶቡስ በሉት፤ በበጋ ምድጃ፣ በክረምት ወንፊት። ግማሹ ነዋሪ የኛ ሰው፣ ግማሹ ከሩሲያ የመጣ ነው። ባሕሩ ቅርብ ስለነበር ዳቦው ሳይቀር ጨው ጨው ይላል። ከተማ መሄድ የፈለገ አሸዋውን እየማሰ ዋናው መንገድ ይወጣና ወደ ሚግዳል የሚሄደውን አውቶቡስ ይጠብቃል። ሃያ ዓመቴ ነበር። ጠዋት ኡልፓን ገብቼ ዕብራይስጥ እማራለሁ፣ ከሰዓት ሚግዳል ገበያው ጀርባ ያለ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ጎንደር ሳለሁ የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት ተለማማጅ ስለነበርኩ ሽቦ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ጭቅጭቅ ነበር፤ እሱንም እዚያው ካራቫን ሰፈር ለመድኩት።

እዚህ አገር ዝናቡ የሚመጣው በጥርና በየካቲት ነው። እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። እኛ ዘንድ ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ሰማዩ የጠራ፣ እህሉ የገባ፣ ከበሮው ከየመንደሩ የሚሰማበት። እዚህ ጥር ሲገባ ብርቱካኑ ይበስላል፣ ሰማዩ ይቀደዳል፣ ሰው ጃንጥላው እየተገለበጠበት ይራገማል። የዚያ ዓመቱ ደግሞ የባሰ ነበር። እማዬ የመጨረሻ ልጇን፣ እህቴን ዝናሽን፣ የወለደችው በዚያ ጥር ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። በኛ በቤተ እስራኤል ሥርዓት የወለደች ሴት ወዲያው ወደ ቤቷ አትገባም። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን የአራስ ጎጆ ውስጥ ትቀመጣለች። ጎጆዋ ዙሪያውን በድንጋይ ይከበባል። ድንጋዩን ተሻግሮ የገባ ሰው ገላውንና ልብሱን አጥቦ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከሰው ተለይቶ ይቆያል፤ ማንም አይነካውም። ምግቧን ሴቶቹ ድንጋዩ ድረስ ያመጡላታል፤ ያስቀምጡና ፈቀቅ ይላሉ፤ ወጥታ ትወስዳለች። ይህ ንቀት አይደለም፣ ኦሪት ነው። ብዙዎቹ እዚህ ሲመጡ ቦታ የለም ተብለው ተውት። እማዬ ግን ከሆስፒታል ስትመለስ ልጇን እንዳቀፈች ካራቫኑ በር ላይ ቆመች። ዝናቡ ይወርድባታል።

«አልገባም» አለች። «እናቴ ያላደረገችውን እኔ አላደርግም። እኔ ገብቼ እናንተ የት ልትበሉ ነው?»

አባዬና እኔ ምን እናድርግ? ግሪጎሪ የሚባል ሩሲያዊ ጎረቤት ነበረን፤ የፍሪጁን የእንጨት ሳጥን ሰጠን። በዚያ ላይ ኮምፔንሳቶ ቸነከርን፣ ላስቲክ አለበስነው፣ ከካራቫኑ ጀርባ ጎጆ ወጣው። ድንጋዩ ነው ያስቸገረን፤ አሸዋ አገር ድንጋይ ከየት ይመጣል? ከመንገድ ሥራ የተረፈውን በሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፋን አመጣን። ሴቶቹ ገንፎ አገነፉላት፤ ዱቄቱ የሱቅ፣ ቅቤው ማርጋሪን። እማዬ ከውስጥ ሆና «ይኼ ገንፎ የማን አገር ገንፎ ነው?» እያለች ትስቅ ነበር። እየሳቀችም ትበላዋለች።

መብራቱን ከካራቫኑ በመስኮት ገመድ ዘርግተን አስገባንላት። እዚህ ላይ አባዬ ተጨነቀ። ሽቦው አንድ ጫፉ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጫፉ ጎጆ ውስጥ ነው፤ ታዲያ ቤቱ ጎጆውን መንካቱ አይደለም? ቄሳችንን ጠየቀ። ቄሱ ገመዱን ከሩቅ በዱላቸው እያሳዩ ብዙ አሰቡ። «ሽቦው ደረቅ ነው» አሉ፤ «ደረቅ ደግሞ ንክኪ አያስተላልፍም። ግን ውስጡ የሚሄድ ነገር አለ ትላላችሁ። የሚሄደው እንደ ውሃ ነው ወይስ እንደ እሳት?» ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምን አውቃለሁ! ጎንደር ያስተማረኝ ሰውዬ ይህን አልነገረኝም። ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ዮራም መጣ።

ዮራም የሰፈሩ መናሄል ነው፤ አስተዳዳሪው። ፊቱ ቀይ፣ ቀበቶው ላይ የቁልፍ ዘለላ፣ በዝናብ ቀን እንኳ አናቱ ላይ የፀሐይ መነጽር። ማንም ምንም ቢጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ «ሳቭላኑት!» ትዕግሥት ማለት ነው። ጣሪያው ያፈሳል ስትለው ሳቭላኑት፣ ሙቅ ውሃ የለም ስትለው ሳቭላኑት። እውነቱን ልናገር፣ ገመዱ እርጥብ አሸዋ ላይ ነበር፤ ካራቫን ደግሞ እሳት ከያዘው እንደ ወረቀት ነው የሚነደው፤ ዮራም እሳት ይፈራል። በወግ ቢነግረን እሺ ብለን እናነሣው ነበር። እሱ ግን ጸሐፊውን አስከትሎ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ፒንሳውን አወጣና ገመዱን መሐሉ ላይ ቆረጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ለአባትህ ንገረው» አለኝ። «ፍየል እንኳ ሲዘንብ ወደ ቤት ይገባል። እሱ ሚስቱን ከውሻ ጋር ውጭ ያሳድራል። እዚህ የሰው አገር ነው በለው።»

ጸሐፊዋ አፏን ይዛ ሳቀች። አባዬ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ትልቅ ሰው ሲናገረው እንደሚሆነው አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። «ምን አለ?» አለኝ።

«ትዕግሥት አድርጉ ነው የሚለው» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ክበርልን በለው።»

እኔም ወደ ዮራም ዞሬ፣ በዚህ አፌ፣ «አባቴ ያመሰግንሃል» አልኩት። ዮራም ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። አቤት ያን ቀን! ቂሜ የተወለደው ያን ጊዜ ነው፤ ከዝናሽ ጋር እኩያ ናቸው። አባዬ ሁልጊዜ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይለን ነበር። እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ያዝኩ።

ያን ዕለት ሲመሽ ከድንጋዩ ወዲህ ቆሜ እማዬን «ደኅና ነሽ?» አልኳት። ሻማ እንዳታበራ ላስቲኩ ያስፈራል። ከጨለማው ውስጥ «አዳነ» አለችኝ፤ «ሆስፒታል የልጅቷን ዓይን ቢጫ እንዳይሆን ተመልከቺ ብለውኛል። እኔ በምን ልመልከት? ቀኑም ደመና፣ ውስጡም ጨለማ። ልጄን እያጠባሁ መልኳን አላውቀውም።» ይህን ስትለኝ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር፤ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ጨለማውን ተገን አድርጌ ያለቀስኩት፤ ያለቀስኩትም በንዴት ነው።

ጋራዡ ውስጥ የወዳደቀ ነገር የትየለሌ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ «ከዚህ ክምር የፈለግኸውን ውሰድ፤ ብቻ አታስቸግረኝ» አለኝ። የራዲያተር ማራገቢያ ሞተር አገኘሁ። ይህን ሞተር በባትሪ ብታዞረው ነፋስ ይሰጥሃል፤ በነፋስ ብታዞረው ደግሞ ባትሪውን ይሞላልሃል። መኪና ማስነሣት ያቃተው፣ አምፖል ለማብራት ግን የማያንስ ባትሪም ነበር። ክንፎቹን ከፍሳሽ ቧንቧ በመጋዝ ቀደድኩ። የብስክሌት ጥርስና ሰንሰለት ገጠምኩ፤ ክንፉ አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ብዙ ጊዜ እንዲዞር። ጭራውን ከቆርቆሮ ሠራሁት። ምሰሶው ከእርሻ የተጣለ የመስኖ ቧንቧ ነው። ግሪጎሪ በገመድ ወጥሮ አቆመልኝ፤ ዕብራይስጡ ከኔ የባሰ ስለነበር የተግባባነው በጣትና በስድብ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆነ። ከሰዓት ነፋሱ ነፈሰ፣ ክንፉ ዞረ፣ እልል ተባለ። ወደ ማታ ነፋሱ ጭር አለ፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ክንፉ ግን ይዞራል! ሰው ተሰበሰበ። አንዷ «ያለ ነፋስ የሚያዞረው ማነው?» ብላ ልጇን ይዛ ወደኋላ አለች፤ አንድ ሽማግሌ «ዛር ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» አሉ። እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ግሪጎሪ በካኔተራ ብቅ ብሎ አየና እስኪያስለው ሳቀ። ባትሪው ነዋ ሞተሩን የሚያዞረው! ቀን የሞላነውን ማታ መልሶ እየጠጣው ነው። ከአሮጌ ሬዲዮ ዳዮድ የሚባል ፍንጣሪ ነቅሎ ሰጠኝ፤ ወደ ባትሪው ያሳልፋል፣ ከባትሪው አይመልስም። እሱን መሐል ላይ ስገጥመው ዛሩ ለቀቀ።

አምፖሉን ማስገባት ሌላ ጣጣ ነው፤ እኔ ድንጋዩን አልሻገርም። አምፖሉንና ሽቦውን መጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አስሬ ዘረጋሁላት። እማዬ ተቀብላ ራሷ ከማገሩ ላይ አሰረችው። እኔ ከውጭ «ቀዩን ከቀዩ! ጥቁሩን ከጥቁሩ!» እላለሁ። ሲበራ በላስቲኩ ውስጥ ጥላዋ ታየ፤ ጎንበስ ብላ ልጅቷን አየቻት። ቆይታ ቆይታ «ቢጫ አይደለችም» አለች። «የናቴ መልክ ነው ያላት። ተመስገን።»

የአባዬም ልብ ዐረፈ። ቄሱ መጥተው ምሰሶውን ሽቅብ አይተው፣ ሽቦው ከካራቫኑ ጋር እንደማይገናኝ አረጋግጠው፣ «ነፋስ የማንም ቤት አይደለም» ብለው ፈረዱ። ሻባት፣ ሰንበት ማለት ነው፣ ሲገባ ማብሪያ ማጥፊያ ስለሌለው እንደበራ ያድራል፤ እማዬ ጨርቅ ጣል ታደርግበታለች። «ነፋሱን ሻባት አክብር የሚለው ማነው?» ይላል አባዬ። እኔ ምሰሶው ሥር ቁጭ ብዬ ብርቱካን እየላጥኩ ዮራም እንዲያልፍ እጠብቅ ነበር። ሲያልፍ ዐይኔን አልነቅልም።

ዮራም ይህን መብራት የሚቆርጥበት ፒንሳ አልነበረውም። ገመዱ የሱ አይደለም፣ ቆጣሪው የሱ አይደለም። ሁለት ጊዜ መጥቶ «ማ ዜ? ይኼ ምንድነው? ማነው የፈቀደላችሁ?» አለ፤ «ነፋሱን ጠይቀው» አልኩት። ደም ሥሩ ተገተረ። በሳምንቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ከኢየሩሳሌም ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፣ ሰፈሩ ይጽዳ። ዮራም እኔ ዘንድ ራሱ መጣ። «በእንግዶቹ ቀን ጠዋት ያንን ግንድህንም ሳጥኑንም አስነቅላለሁ። እናትህ ቤት ካልገባች ደግሞ ልጅቷን የሶሻል ሠራተኛ ወስዳ ታስቀምጣታለች» አለ። ልጅቷን! እናት ልጇን አቅፋ ሥርዓቷን በፈጸመች፣ ልጅቷን! እንዲህ ሲለኝ ደሜ አልፈላም፤ ቀዘቀዘ። የደም መቀዝቀዝ ከመፍላቱ ይልቅ ያስፈራል።

በማግስቱ ባትሪውን ከምሰሶው ሥር አነሣሁትና ድንጋዩ ጋ አምጥቼ በገመድ አሰርኩት። «እማዬ፣ ዝናብ እንዳይመታው ጎትተሽ አስገቢልኝ፤ ከመደብሽ ጎን አድርጊው» አልኳት። ጎተተች፤ አስገባች። ዝናብ እንዳይመታው መሆኑ እውነት ነው። ሌላውን ግን ለማንም አልነገርኩም።

የእንግዶቹ ቀን ጠዋት ዮራም ሱፍ ልብስ ለብሶ፣ የጥገና ሠራተኛውን ጋሼ ፈንታን አስከትሎ ከች አለ። ጋሼ ፈንታ የኛ ሰው ነው፤ መፍቻውን ይዞ መሬት መሬት ያያል።

«ምሰሶውን አውርድ» አለው ዮራም።

«ባትሪው ሳይነቀል ሽቦው ከተነካካ እሳት ይነሣል» አልኩ እኔ። ይህም እውነት ነው። እሳት የሚለውን ሲሰማ ዮራም ቆም አለ፤ እሳት ይፈራል አላልኳችሁም?

«ባትሪው የት ነው?»

«ውስጥ።»

«ግባና አውጣ!» አለ ለጋሼ ፈንታ። ጋሼ ፈንታ ራሱን ነቀነቀ። ዮራም ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ነቀነቅኩ። «እኛ አንገባም፤ ሥርዓት ነው። የገባ ሰው እኮ...» ብዬ ልነግረው ጀምሬ ነበር። ካላመናችሁ ጋሼ ፈንታ በሕይወት አለ፣ ጠይቁት።

«ሥርዓት፣ ሥርዓት! ዞር በል!» አለና ድንጋዩን ተሻገረ።

በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። በሩ ዝቅ ያለ ስለነበር ግንባሩ ገጭ ሲል ሰማሁ። እማዬ ጮኸች፤ ከዚያ ዝናሽ አለቀሰች። መብራቱ ጠፋ። ጩኸቱ ልቤን ቢወጋኝም ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። ዮራም ባትሪውን በደረቱ አቅፎ ወጣ፣ ምሰሶው ሥር ዘጭ አደረገው። ምሰሶውን ለመንቀል ግን ጊዜ አልነበረውም፤ የእንግዶቹ አውቶቡስ በአሸዋው መንገድ እየተንገጫገጨ ሲመጣ ታየ። እጁን በመሐረብ ጠርጎ ወደዚያ ሮጠ። ጋሼ ፈንታ ደግሞ ወደ ሽማግሌዎቹ ሮጠ።

እንግዶቹን እንዲቀበሉ ሽማግሌዎቻችን በነጭ በነጭ ተሰልፈዋል። አውቶቡሱ ቆመ፤ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች ሴት ወረደች፤ አለቃቸው እሷ ናት። ዮራም ፈገግታው እስከ ጆሮው ደርሶ «እነዚህ ወዳጆቼ ናቸው» እያለ እጁን ለቄሱ ዘረጋ። ቄሱ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱና አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። ዮራም ሳቀ፤ ለአባዬ ዘረጋ። አባዬ፣ ሰው ማሳፈር የማያውቀው አባቴ፣ ግራ ገብቶት «አይ ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ ፀሐይዋ ትጥለቅ» እያለ አፈገፈገ። ዮራም ወደፊት ሲል ሰልፉ ወደኋላ ይላል። ፎቶ አንሺው «ከሽማግሌው ጋር፣ እቀፋቸው!» አለ። ዮራም እጁን ሊጥል ሲል ሽማግሌው በሰባ ዓመታቸው እንደ ጎረምሳ ዘለው አመለጡ። ሴቶች ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። በሰፊው አሸዋ መሐል ዮራም ብቻውን ቀረ፤ እጁ እንደተዘረጋ ነው።

ጌታ ሆይ፣ እንዴት ጣፈጠኝ! ብዙ ሠርግ በልቻለሁ፣ ልጆቼን ድሬያለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

«ምንድነው? ለምን ይፈሩሃል? ምን አድርገሃቸው ነው?» አለች ሴትዮዋ። ዮራም አያውቅም፤ በእውነት አያውቅም። «አስተርጓሚ የለም?» ስትል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቀረብ አልኩ። ዕብራይስጤ እንደዚያ ቀን ተሰብስቦልኝ አያውቅም።

«ይህ ሰው ዛሬ ጠዋት አራስ ሴት ከነልጇ ወዳለችበት ጎጆ ያለፈቃዷ ገባ» አልኳት። «መብራቷን ነቅሎ ወሰደ። በሥርዓታችን እዚያ የገባን ሰው ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚነካው የለም። ባለፈው ደግሞ አባቴን ፍየል እንኳ ሲዘንብ ቤት ይገባል ብሎታል። ያን ጊዜም ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ፤ ለአባቴ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።»

አንዲት ቃል አልዋሸሁም። «ሼኬር ነው! ውሸት!» አለ ዮራም።

«ገብተሃል ወይስ አልገባህም?» አለችው።

«ገብቻለሁ፣ ግን...»

ሴትዮዋ ከዚያ በላይ አልሰማችውም። ጎጆው ድረስ ሄደች፤ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ አልተሻገረችም። «ይመለስላት» አለች። ጋሼ ፈንታ ባትሪውን አልነካም አለ፤ ባትሪውም ከጎጆው ወጥቶ የለ! ማነው የሚመልሰው? የነካው ሰው ነዋ። ዮራም በሱፍ ልብሱ ባትሪውን አቅፎ ጭቃው ውስጥ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ «ልግባ?» ብሎ ጠየቀ። ሽቦውን ሲገጥም ብልጭ ብሎበት ደነገጠ። እኔ ከድንጋዩ ወዲህ ሆኜ «ቀዩን ከቀዩ!» አልኩት። መልሶ ሳተው። «ሳቭላኑት፣ ዮራም! ሳቭላኑት!» አልኩት። ሰፈሩ ሁሉ በሳቅ ሞተ። መብራቱ በራ።

ጎጆውን ከዚያ ወዲህ የነካው የለም፤ ዝናሽንም ሊወስድ የመጣ የለም። ዮራም ከፋሲካ በኋላ አልታየም፤ ተዛወረ ተባለ። ቀኑ ሲሞላ እማዬ በባሕሩ ታጥባ፣ አዲስ ልብስ ለብሳ ቤቷ ገባች፤ በግ ታረደ።

ኒር ያንን ነገር ጣሪያችን ላይ ከሰቀለ በኋላ ዐርብ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ እራት ላይ ሳለ ይህን ታሪክ አወራሁላቸው። ዝናሽም ከልጆቿ ጋር ነበረች። የዮራምን እጅ አዘረጋግ ተነሥቼ ስሠራው ልጆቹ ከወንበር ወደቁ። ታሪኩን ሁልጊዜ መብራቱ ሲበራ ላይ ነው የማቆመው። ዝናሽ ዕንባዋን እየጠረገች «ጋሼ፣ እማዬስ ምን አለች?» አለችኝ። እማዬ ካረፈች ዓመቷ ነው።

«ሳቀች» አልኳት።

አልሳቀችም። በጉ በታረደ ቀን ጎረምሶቹ ዮራምን እየሆኑ ሲጫወቱ፣ አንዱ ሲዘረጋ ሌላው ሲሸሽ፣ እኔን ወደ ጓዳ ጠራችኝ። «ሰዉ ከዚያ ሰውዬ ሲሸሽ በቀዳዳ አይቻለሁ» አለችኝ። «ምን ነክቶ ነው የሸሹት?»

«ጎጆውን ነዋ» አልኳት።

«ጎጆው ውስጥ ማን ነበረ?» አለችና ቀጠለች። «እኔ እዚያ የገባሁት ክብሬ ነው ብዬ ነው፣ ዕረፍቴ ነው ብዬ። አንተ ጠላትህን የምትመታበት ዱላ አጣህና እኔን አነሣህ» አለችኝ። ከዚያ ወደ እንግዶቿ ወጣች፤ ሁለተኛ አላነሣችውም።

ዮራም ዛሬ በሕይወት ካለ አርጅቷል። ይቅር አላልኩትም፤ ልለውም አላሰብኩም። ነገ እንደዚያ ያለ ሰው ደጃፌ ቢመጣ በቀሌን አልተውም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ለመምታት በተነሣሁ ቁጥር መጀመሪያ እጄን አያለሁ፤ የያዝኩት ማንን ነው ብዬ። ማንንም ካልያዝኩ እመታለሁ።